ቀዶው ሆስፒታል፣ ጥገናው ቤት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። 22 ዓመት አንድ ሲንጀር መኪና ላይ ተቀምጬ ኖሬያለሁ። ጋዜጣችሁን ደንበኞቼ ሱሪያቸው እስኪያጥርላቸው ሲያነቡ ይቆዩና ትተውት ይሄዳሉ፣ ማታ እኔ አነሳዋለሁ። ስለ ስኳር ጻፋችሁ፣ ስለ ደም ግፊት ጻፋችሁ፣ ስለ ወባማ በየዓመቱ ነው። ስለ መቀመጫ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጻፋችሁም። አፍራችሁ ይሆናል። እኔም አፍሬ ነበር፤ ስድስት ዓመት አፍሬ አፍሬ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ስሜን ግን አደራ አታውጡብኝ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ትርፍ አንጀቴን እንዳወጣሁ ነው።

የማወራው ስለ ፊንጢጣ ኪንታሮት ነው። እጅ ላይ ስለሚወጣው አይደለም፤ አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷቸው ሰው ይምታታበታል። ያኛው በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ነገር ነው። ይሄኛው የደም ሥር ጉዳይ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ማንም ሰው መውጫው አካባቢ በደም ሥር የተሞላ፣ እንደ ትንሽ ትራስ ያለ ለስላሳ ሥጋ አለው። ስንፈጠርም ያለ ነው፣ መውጫውን ገጥሞ ለመዝጋት ይረዳል። በሽታ የሚሆነው ሲያብጥና ከቦታው ሲንሸራተት ነው። የሚያሳብጠው ደግሞ በብዛት ማማጥ ነው። የሆድ ድርቀት፣ እርግዝና፣ ሽንት ቤት ገብቶ ቶሎ አለመውጣት። (ስልክ ይዞ ሽንት ቤት የሚገባ ልጅ ያላችሁ ስልኩን በር ላይ ተቀበሉት።) ጫትም ሆድ ያደርቃል ብሎኛል። እኔ አልቅምም፣ ግን ውኃ መጠጣት የማስታውሰው ማታ ቤት ስገባ ነበር፤ የባሕር ዳርን የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የኔ ነገር በደም ጀመረ። ደማቅ ቀይ፣ ጠብ ጠብ የሚል። ስለማያም ናቅሁት። ቀጥሎ ሳምጥ የሚወጣ ነገር መጣ፣ ራሱ ይመለሳል። ቆየና አልመለስ አለ፣ በጣቴ መመለስ ጀመርኩ። በመጨረሻ በጣትም እምቢ አለ። ለካ ይሄ ሁሉ ቁጥር ያለው ነገር ኖሯል፦ የሚደማ ግን የማይወጣው 1ኛ ደረጃ፣ ወጥቶ ራሱ የሚመለሰው 2ኛ፣ በእጅ የሚመለሰው 3ኛ፣ ከነጭራሹ የማይመለሰው 4ኛ። እኔ አራቱንም ተራ በተራ ጨርሼ ነው ሆስፒታል የደረስኩት።

«በ2ኛው ቢመጡ ኖሮ፣ ጋሼ፣ በላስቲክ አስረን እንሸኝዎት ነበር» አለኝ ሐኪሙ። ሥሩ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ያስገባሉ፣ ደም ይቋረጥበታል፣ በሳምንት ገደማ ደርቆ ይወድቃል። ማደንዘዣም አያስፈልገውም፣ ማደርም የለም። ላስቲክ! እኔ ሱቅ በጥቅል የተከመረው ላስቲክ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፣ ግን መሳቅም ያማል።

በመሃል ሌላ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ እሱንም ልናገር። በየስልክ እንጨቱ ላይ «ኪንታሮትን ያለ ኦፕራሲዮን ከነሥሩ እንነቅላለን» የሚል ወረቀት ታዩ የለ? እሱን አይቼ አንዱ ጋ ሄድኩ። ጥቁር ቅባት ቀባኝ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ቆዳዬ ተቃጠለ፣ ኪንታሮቱ ግን እንዳለ ነው። የባህል መድኃኒት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን የሚያቃጥል ነገር የሚቀባ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ምኑን እያቃጠለ እንደሆነ አያውቅም። ሐኪሙ ጠባሳውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ጠባሳ መውጫውን እያጠበበ ሌላ ጣጣ ያመጣል አለ። ደግሞስ የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት ነው ያለው ማነው? የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይደማል። ለዚህ ነው በጣት የሚመረምሩት፣ መብራት ባለው አጭር ቱቦ የሚያዩት፣ በኔ ዕድሜ ያለውን ደግሞ በካሜራ አንጀቱን የሚያሳዩት። ቅባት የሚቀባው ሰውዬ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። እኔንም ሱሪህን ዝቅ አድርግ ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ። ከመግባቴ በፊት ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርቶ አስረዳኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሦስት ቦታ ይቆረጣል፣ ቅርጹ እንደ ሦስት ቅጠል ነው። ሚሊጋንና ሞርጋን የሚባሉ ሁለት የለንደን ሐኪሞች በ1937 እ.ኤ.አ. የጻፉት ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

«ከዚያስ ትሰፋዋለህ?» አልኩት።

«አይ፣ ክፍት ነው የምተወው።»

እንዴ! እኔ ቀድጄ ሳልሰፋ ለደንበኛ ብሰጥ በቡጢ ነው የምባለው። እሱ ግን ሳይቆጣ አስረዳኝ። የሚሰፉበት ዘዴም አለ፣ ግን ያ ቦታ በየቀኑ ቆሻሻ የሚያልፍበት ስለሆነ ክፍት ሆኖ ከሥር ወደ ላይ ቢሞላ እሱ እንደሚመርጥ ነገረኝ። በሦስቱ ቁርጦች መካከል ደግሞ ያልተነካ ቆዳ እንደ ድልድይ ይተዋል። ብዙ ቆዳ ካነሳ ሲድን ይጠብባል። ይቺ ወዲያው ገባችኝ። የሱሪ ወገብ እንደዚያ ነው፤ ቆርጠህ ካጠበብከው በኋላ ደንበኛው ቢወፍር የምታሰፋበት ጨርቅ የለህም። ሙያችን ተቀራረበ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።

ወገቤን ወግተው አደነዘዙኝ። ከወገብ በታች የኔ አይደለም። ሰላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አለቀ። ሌሊት ሽንቴ እምቢ አለ፣ በቱቦ አወጡልኝ፤ ከወገብ ማደንዘዣ በኋላ ብዙ ሰው ይገጥመዋል አሉኝ። በማግስቱ ውጣ ተባልኩ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ቅሬታ። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ሐኪሙ ጥሩ ሐኪም ነው፣ እጁ ይባረክ። ግን ቀዶ ጥገና ሁለት ቃል ነው። ቀዶው ሆስፒታል ተሠራ። ጥገናውን ለኔ ነው የሰጡኝ፣ እንዴት እንደሚጠገን ግን ማንም አልነገረኝም። የሰጡኝ አንድ ወረቀት ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሑፍ። «ሦስት መድኃኒት ነው አባቴ፣ እንደታዘዘው ይውሰዱ፣ በሁለት ሳምንት ይመለሱ» አለችኝ ልጅቷ፣ ከኋላዬ ሰባት ሰው ቆሟል። ፋርማሲ ሄድኩ። እንክብሎቹን ገዛሁ። ሦስተኛው ሽሮፕ ነው፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ሽሮፕ የልጅ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ወደ ቤት በባጃጅ ነው የሄድነው፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። በአንድ ጎኔ ተንጠልጥዬ፣ ግማሽ ቆሜ። ልጁ በመስታወት እያየኝ «ፋዘር፣ አርፈው ይቀመጡ እንጂ!» ይለኛል። እያንዳንዷን ጉብታ ቆጥሬያታለሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ብቻ ትንፋሽ አገኘሁ፣ 380 ሜትር ለስላሳ አስፋልት። ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል፣ እኔ እግዜር ይስጥልን ብዬበታለሁ።

ቤት ጠያቂ መጣ። ያገራችን ጠያቂ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ታመመ ከተባለ ሙዙንና ለስላሳውን ይዞ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። እኔ በጎኔ ተኝቼ «ትርፍ አንጀት ነው» እላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ግን ልባም ናቸው። «እስቲ ስፌቱን አሳየኝ» አሉ። ባለቤቴ ነች ያዳነችኝ፦ «በፋሻ ተጠቅልሏል እትዬ፣ እንዳይከፈት ተብሏል።» ዶሮ ወጥም ይዘው መጥተው ነበር። አልበላሁም፣ በርበሬው አይደለም ያስፈራኝ። መብላቱን ራሱን ነው የፈራሁት። የበላሁት ሁሉ የሚወጣበትን ቀን አሰብኩና ሦስት ቀን ሾርባ ብቻ ጠጣሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

በ4ኛው ቀን መጣ። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ጋዜጣችሁን ቁርስ ላይ የሚያነብ ይኖራል። ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ስለት ነው፣ በቃ። በሩን ይዤ ጮህኩ። ባለቤቴ ከውጭ «ማርያም ማርያም!» ትላለች። በመጨረሻም አልወጣም። በዚያው ባጃጅ ተመልሼ ሄድኩ።

ያን ቀን ያገኘኋት ጠና ያለች ነርስ ናት። መድኃኒቶቹን አሳየኝ አለች። አሳየኋት። «ሽሮፑስ?» አለች። ዝም አልኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም፣ አስተማረችኝ። የምውጠው ማስታገሻ ትራማዶል ነው። ህመም ያስታግሳል፣ ሆድ ግን ያደርቃል። ሽሮፑ ላክቱሎስ ነው፣ ሰገራ የሚያለሰልስ። አንዱ ያለ አንዱ አይሄድም። እኔ የሚያደርቀውን እየዋጥኩ፣ የሚያለሰልሰውን ፋርማሲ ትቼ፣ በላዩ ላይ ምግብ አቁሜ ነበር። ምግብ ሲቆም ሰገራው አይቆምም፤ እዚያው ሆኖ እየደረቀና እየጠነከረ ነው የሚጠብቅህ። ጥጋብህን ብላ አለችኝ። ምስር፣ ጎመን፣ ቂንጬ፣ ፓፓያ፣ ጧት ጧት ተልባ በውኃ። አንድ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ፋይበር የሚሉት) ያስፈልገዋል፣ ግን ከብዙ ውኃ ጋር፤ አሰር ያለ ውኃ ጭራሽ ያባብሳል። ጾም ስለገባ ባለቤቴን ደስ አላት፣ ምስርና ጎመኑ ቤት አለ።

ከሁሉ ያዳነኝ ግን ሳፋው ነው። ተራ የፕላስቲክ ሳፋ። ለብ ያለ ውኃ ትሞላለህ፣ በክርንህ ትለካለህ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቀመጥበታለህ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሽንት ቤት መልስ ደግሞ ሁልጊዜ። ሳሙና የለም፣ ዴቶል የለም። የሚያሰቃየው ቁስሉ ብቻ አይደለም፣ መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ በድንጋጤ ተጨብጦ ይቀራል፣ ለብታው እሱን ያላቅቀዋል። መጀመሪያ የገባሁበት ቀን አልረሳውም። መብራት ጠፍቶ ውኃው በከሰል ነው የሞቀው፣ ቧንቧም ያን ሳምንት ስላልመጣ ከጀሪካን የተቀዳ። ልጆቻችንን ያጠብንበት ሰማያዊ ሳፋ ነው፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ እኔው በሽቦ የሰፋሁት። ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ አልኩበት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ፋኖሱን ይዛ ስታየኝ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። በአምስት ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ስወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ፣ ማሸት የለም። ቁስሉ ክፍት ስለሆነ ለሳምንታት ፈሳሽ አለው፣ ልብስ ያበላሻል። ይሄንንም የነገረኝ አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቀን ምንም ሳትል ሞዴስ አምጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችልኝ። አየኋት። አየችኝ። ተጠቀምኩበት። ወንዶች፣ አትሳቁ፣ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም።

በ9ኛው ቀን ደግሞ ደም። ሞትኩ አልኩ። ለካ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት የቁስሉ ቅርፊት ሲለቅ ሊደማ ይችላል። ጠብ ጠብ የሚል ትንሽ ደም ብዙ አያስደነግጥም። የረጋ ደም ሲመጣ፣ የማይቆም ሲሆን፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ወይ ሽንት እምቢ ሲል ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። የኔ ትንሽ ነበር። ይህን ቀድሜ ባውቅ ያን ሌሊት ልጄን ቀስቅሼ ባላስለቀስኩት።

አንድ ነገር ራሴ ፈጠርኩ ብዬ ኮርቼም ነበር። ስፖንጅ ቆርጬ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ትራስ ሰፋሁ፣ እንደ ማቶት ያለ፣ ጥሩ ከዳ አልብሼው። በቀጠሮዬ ቀን ለሐኪሙ አሳየሁት። «ስፌቱ ግሩም ነው» አለ፣ «ግን ይተዉት። መሃሉ ባዶ ሲሆን ያ ቦታ ወደ ታች ይንጠለጠልና ይወጠራል፣ ደሙም ይከማችበታል። ሙሉ ለስላሳ ትራስ ይበቃል፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ብዙ አለመቀመጥ ነው።» ትራሱ አሁን የድመታችን መኝታ ነው።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ማታ ማታ ጣና ዳር መሄድ ጀመርኩ። መራመድ ሆድ ያንቀሳቅሳል ብለውኛል። ቀስ እያልኩ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ደንገሉ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሁልጊዜ ያየኝ ነበርና «ምነው አካሄድህ?» አለኝ። ትርፍ አንጀት አልኩት። እሱ ደንገሉ ላይ ተንበርክኮ ሲቀዝፍ አይቼ እንዴት እንደቀናሁ።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ በግማሽ ቀን ሥራ ጀመርኩ። ጨርሶ የደረቀው በስድስተኛው ሳምንት ነው። አሁን በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ፣ መቁረጡንና መተኮሱን ቆሜ ነው የምሠራው፣ መኪናው አጠገብ ሁለት ሊትር ውኃ አለ።

ስለዚህ፣ አቶ አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የዚያችን ነርስ አሥር ደቂቃ አንድ ገጽ ላይ በአማርኛ አድርጋችሁ አውጡልን። ሐኪም ጠይቃችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እኔ የተሳሳትኩት ካለ አርማችሁ። ሽሮፑ ለምን እንደታዘዘ ይጻፍበት፣ ሳፋው ይጻፍበት፣ ሞዴሱ ሳይቀር ይጻፍበት፣ ስንት ደም ትንሽ እንደሆነና ስንቱ ብዙ እንደሆነ ይጻፍበት። ሆስፒታሎችም እሱኑ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ስቴፕል አድርገው ይስጡ። ነርሶቹ ጊዜ የላቸውም፣ አይቻለሁ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አልፈርድባቸውም። ወረቀት ግን ሰልፍ አይሰለፍም። የፎቶኮፒውን ብር የኛን ሰፈር ያህል እኔ እችላለሁ፣ ሱቄም ላይ አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ጎልማሳ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። በርጩማ ሰጠሁት። «ቆሜ ይሻለኛል» አለ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ስለነበር ዝም አልኩ፣ ቀስ ብዬ ለካሁት፣ ሜትሩን ጠቀለልኩ፣ ሂሳብ ነገርኩት፣ ሰዎቹ እስኪወጡ አንዴ ጠመኔ አንዴ መቀስ ስፈልግ ቆየሁ። ሲወጡ «ይወጣና ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» አልኩት። ደነገጠ። በሩን አየ። «ራሱ ይመለሳል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። 2ኛ ነው፣ ገና ነው። ሱሪው ዓርብ ይደርሳል፤ ሐሙስ ጧት ደግሞ ሱቄን ዘግቼ አብረን ሐኪም ቤት ለመሄድ ተቀጣጥረናል።

ልብስ ሰፊው፣ ከባሕር ዳር